ሞተሩ የራስ፣ ዕውቀቱ የሰው

«ሞተሩ ነከሰ» አሉኝ አጎቴ በስልክ። ድምፃቸው ለቅሶ የሚያረዳ ሰው ድምፅ ነበር።

እኔ ባህር ዳር ነኝ፣ እሳቸው አንበሳሜ። የነከሰው ሞተር የጉማራን ውሃ ወደ ሽንኩርት ማሳቸው የሚገፋው የውሃ ፓምፕ ነው። ሽንኩርቱ ገና ራስ እየያዘ ነበር። የየካቲትን ፀሐይ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሽንኩርት በዚያ ወቅት ሳምንት ሙሉ ውሃ አጥቶ የሚታገስ ተክል አይደለም።

እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ አንድ ወር ተኩል ቀደም ብሎ አጎቴ ምክር ጠይቀውኝ ነበር። ባህር ዳር ያለ አንድ ማሰልጠኛ ለፓምፕ ባለቤቶች የአስር ቀን የጥገና ስልጠና ይሰጣል፣ ክፍያው 4,500 ብር ነው፣ ልግባ ወይስ ልተው? አሉኝ። እኔ ሳቅሁ። «ጋሼ፣ መካኒክ ለምን ተፈጠረ? እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ ብሎን ሊፈቱ ነው?» አልኳቸው። ተዉት። የከተማ ሰው ነች፣ ታውቃለች ብለው መሆን አለበት።

እና ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የጎንደሩን መንገድ ይዞ ሐሙሲት፣ ከሐሙሲት ወደ ቀኝ ታጥፎ በእስቴው መንገድ አንበሳሜ። መንገዱን ሙሉ 4,500 ብሯን ሳስብ ነው የሄድኩት።

ስደርስ ሞተሩ ተበትኖ ጠበቀኝ። ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተፋጭቶ ተልጧል፣ የወጣው ዘይት ሬንጅ መስሏል፣ የአየር ፊልትሮው ውስጥ ደግሞ ጤፍ የሚዘራበት የሚያህል አፈር አለ። መካኒኩ ቁርጥራጮቹን ሳፋ ላይ በቤንዚን እያጠበ ሂሳቡን ነገረን፤ ፒስቶን፣ ፋሻ፣ ሁለት ኩሽኔታ፣ የእጅ ዋጋ፣ በድምሩ 19,000 ብር። (በነገራችን ላይ ጣልያን ከአገር ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ ጋራዥ ውስጥ ግን ዛሬም ቋንቋው የሱ ነው። ዳዶ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፒሊያ፤ ስሙን ያላወቀ ሰው መካኒክ ፊት አፉን ይዞ ነው የሚቆም።)

አጎቴ «ኩሽኔታው ምን ሆኖ ነው?» ብለው ጠየቁ። «አልቋል» አላቸው። በቃ። የድሮው ኩሽኔታ መሬት ላይ ተጥሎ ነበርና የአጎቴ ልጅ አነሳው፣ በጣቱ አሽከረከረው፣ ጥሩ ይዞራል። «ደህና ነው እኮ!» አለ። መካኒኩም «በጣት ሲዞር ሁሉም ደህና ነው፣ ሞተሩ ሲነሳ ነው የሚታየው» አለው። እሱም እውነት ሊሆን ይችላል።

ያ መካኒክ ጠንቃቃ ይሁን ሌባ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አጎቴም አያውቁም። ከፈልን።

ወደ ሄሊኮፕተር የወሰደኝ የአጎቴ ልጅ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ስልኩ ከግማሽ በላይ በአውሮፕላንና በሄሊኮፕተር ቪዲዮ የተሞላ ነው፤ ኔትወርክ ሲመጣ ያወርዳል፣ ሲጠፋ ደጋግሞ ያያል። ህልሙ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የጥገና ቴክኒሺያን መሆን ነው። ማታ እራት በልተን ስናበቃ፣ «እታለም፣ ሄሊኮፕተር የገዛ ሰውስ እንዲህ ነው እንዴ የሚሆነው? እሱም ያሉትን ሁሉ ይከፍላል?» አለኝ። ጥያቄው ቀልድ መስሎኝ ነበር። ባህር ዳር ተመልሼ ሳነብ ግን ቀልድ ሆኖ አላገኘሁትም።

የግል ሄሊኮፕተር በብዛት የሚሸጠው ሮቢንሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ካሊፎርኒያ፣ ቶራንስ ከተማ ነው ፋብሪካው። አር 44 የምትባለው አራት ሰው የምትይዝ ሄሊኮፕተሩ ከተሰራች በኋላ 2,200 ሰዓት ስትበር ወይም 12 ዓመት ሲሞላት፣ የቀደመው ሲደርስ፣ ሙሉ ለሙሉ ተበትና መታደስ አለባት። ቆንጆ ሆና ብትታይም፣ ድምጿ እንደ አዲስ ቢሆንም ያው ነው። ሂሳቡ በመቶ ሺዎች ዶላር ነው የሚቆጠረው። በመሀል ደግሞ በየ100 ሰዓቱ ፍተሻ አለ። አንዳንድ ዕቃዎች የዕድሜ ጣሪያ አላቸው፤ ጣሪያው ሲሞላ «ገና ደህና ነው» ብሎ ክርክር የለም፣ ይጣላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አውሮፕላን ሞተሩ ቢጠፋ ክንፉ ይዞት ይንሳፈፋል። ሄሊኮፕተርን አየር ላይ የያዙት ከላይ የሚሽከረከሩት ክንፎች ናቸው፤ ሞተር ቢጠፋ እንኳን አብራሪው እነሱን በነፋሱ እያዞረ ሊያርፍ ይችላል። እነሱን ራሳቸውን የሚይዝ ወይም የሚያዝ ብረት ከተሰበረ ግን የሚደርስለት ነገር የለም። ብረት ደግሞ ሰው የሚያየው ስንጥቅ ሳይወጣው ውስጥ ውስጡን ይደክማል። ስለዚህ በዓይን ሳይሆን በሰዓት ይቆጠራል።

የገረመኝ የሕጉ ነገር ነው። በአሜሪካ ባለቤቱ ራሱ አብራሪ ከሆነ የተፈቀደለት የጥገና ሥራ ትንሽ ነው፤ ዘይት መቀየር፣ ባትሪ መቀየር፣ እንዲህ ያለ። ከዚያ ያለፈውን ፈቃድ ያለው መካኒክ ሠርቶ መፈረም አለበት። ያው ሕግ ግን በሌላ አንቀጹ፣ ሄሊኮፕተሩ ለመብረር ብቁ ሆኖ እንዲገኝ ቀዳሚው ኃላፊ ባለቤቱ ወይም የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት ነው ይላል። መካኒኩ አይደለም! አስቡት እስቲ፤ ቁልፍ እንዳትነካ ተብለሃል፣ ኃላፊው ግን አንተ ነህ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ባለቤት ሺህ ዶላሮች ከፍሎ የጥገና ትምህርት ቤት ቢገባ ምን ያተርፋል? መጠገን አይፈቀድለት። መልሱን ያገኘሁት አንበሳሜ በዚያ ሳፋ አጠገብ የቆምኩበትን ቦታ ሳስታውስ ነው። የሚያተርፈው ጥያቄ ነው። «ይሄ ዕቃ ስንት ሰዓት ሠርቷል? መዝገቡ የታለ? የወጣውን አሳየኝ። ለምን ወጣ?» ማለት መቻል። ሄሊኮፕተር ላይ መዝገብ ማለት ደግሞ ገንዘብ ነው፤ የተሠራበት ሰዓት በወረቀት ያልተያዘ ዕቃ አዲስ ቢመስልም ገዢ የለውም። መዝገቡን ማንበብ የሚችል ባለቤት ዋጋውን ያውቃል። የማይችለው እንደ እኛ «አልቋል» ሲሉት ይከፍላል።

እዚህ ላይ ጽሑፌን ብጨርሰው ደስ ባለኝ፤ ግን አንድ ነገር አንብቤ ሐሳቤ ተንገዳገደ።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ላስ ቬጋስ አጠገብ አንድ የቱሪስት ሄሊኮፕተር ተከሰከሰ። አመሻሽ ላይ ሁቨር የተባለውን ግድብ ሊያሳይ የወጣ ነው። አብራሪውና አራቱ ጎብኚዎች፣ አምስቱም ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት መርማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ የደረሱት አንዲት ዳዶ ላይ ነው። አደጋው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ሄሊኮፕተሩ የ100 ሰዓት ፍተሻው ተደርጎለት ነበር። በዚያ ሥራ ላይ የበረራ መቆጣጠሪያውን ዘንግ የሚያያይዘው ብሎን ተፈቶ ታሰረ። ዳዶው ራሱን በራሱ የሚቆልፍ ዓይነት ነው፤ እንዲህ ያለ ዳዶ ተፈቶ ሲታሰር እየላላ ይሄዳል፣ ከላላ በኋላ መጣል አለበት። እነሱ ግን ያረጀውን መልሰው ተጠቀሙበት። እንዳይወጣ የምትይዘው ኮፒሊያም ወይ በትክክል አልገባችም ወይ ጭራሽ አልገባችም ሲሉ መርማሪዎቹ ደመደሙ። ዳዶው ወለቀ፣ ዘንጉ ተላቀቀ፣ አብራሪው በእጁ ምንም አልቀረም።

ያሰረው ሰው የሰለጠነ መካኒክ ነበር። ከሱ በኋላ ያየው ተቆጣጣሪም የሰለጠነ ነው። መርማሪዎቹ ያነሱት ድካምን ነው፤ ሁለቱም የሥራ ሰዓታቸው ተቀይሮባቸው በቂ እንቅልፍ ሳያገኙ ነው የገቡት። የሥራ ቅደም ተከተሉም አንድ በአንድ ተዘርዝሮ አልተጻፈላቸውም።

ስለዚህ «ስልጠና ሁሉን ይፈታል» የሚል ሰው ካለ እኔ የለሁበትም። የሰለጠነ ሰው ይደክማል፣ ይቸኩላል፣ «ደህና ነች» ብሎ አሮጌ ዳዶ ያስራል። ግን ይህንኑ ታሪክ ገልብጬም አየሁት። የዳዶን ጠባይ የሚያውቅ፣ ደመወዙ ከሰዓቱ ጋር ያልተያያዘ፣ ሄሊኮፕተሩ ራሱ የሱ የሆነ ሰው እዚያ ቆሞ «አዲሱን ዳዶ ከየት አወጣችሁት? ካርቶኑን አሳዩኝ» ቢልስ? ምናልባት ምንም አይለወጥም ነበር። ምናልባት ደግሞ ይለወጥ ነበር።

ሄሊኮፕተር የኛ ጉዳይ አይደለም የምትሉ ካላችሁ፣ የሰሜን ተራሮችን አስታውሱ። በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲቃጠል እሳቱን ከላይ የሚያጠፋ ሄሊኮፕተር የመጣው ከኬንያ ነው። ያኔ ብዙዎቻችን ፌስቡክ ላይ «እንዴት አንድ እንኳን የለንም?» ብለን ጮኸናል፤ እኔም ሼር አድርጌያለሁ። አሁን ሳስበው መግዛቱ የሂሳቡ መጀመሪያ ብቻ ነው። ገዝቶ ለማቆየት የሚያስፈልገውን ሰው ማን ያሰለጥናል፣ ከሰለጠነ በኋላስ ማን ያቆየዋል የሚለውን ያኔ የጠየቀ አላየሁም።

ይቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ የአጎቴም ነበረች። «ልጁን ልላከው ይሆን? እኔማ አርጅቻለሁ» ብለውኝ ነበር ገና መጀመሪያ። ወዲያው ደግሞ «ካስተማርኩት ባህር ዳር ይቀርና ለሰው ባጃጅ ሠሪ ይሆናል» አሉ። ይህን ፍርሃት ማንም አሰሪ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ ሲመሠረት፣ በ1938 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ አብራሪውም መካኒኩም ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. የመጡ ፈረንጆች ነበሩ። ቀስ በቀስ በኢትዮጵያውያን እንዲተኩ ተባለ፣ ተሠለጠነ፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ ቦታውን የያዙት ግን እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ሃያ አምስት ዓመት! ዛሬም አየር መንገዱ የሚያሰለጥነውን ወጣት ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ ብሎ ውል ያስፈርማል። ለሱ ያዋጣዋል፤ ብዙ አውሮፕላን አለው፣ አንዱ ቢሄድ ሌላ አለ። አንድ ፓምፕ ያለው ገበሬ ግን ልጁን ምን ብሎ ያስፈርመው?

አጎቴ ለዚህ ያልጠበቅኩት መልስ ነበራቸው። ስለ ሩዝ አወሩኝ። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው እዚሁ ደራ፣ ጅግና በሚባለው ማኅበር፣ ፎገራ በኩል ደግሞ ሻጋ ላይ ሩዝ አስዘሩ። ኮሪያዎቹ ሄዱ። ማኅበሩም ፈረሰ። ሩዙ ግን ቀረ፤ እንዴት እንደሚዘራ ያየ ሰው ስለነበር። ዛሬ ሜዳው ላይ በሰፊው የሚታወቀው ዝርያ ራሱ ኤክስ ጅግና ነው የሚባለው። «አስተማሪው ቢሄድ ምን አለበት፣ ያየ ሰው እዚህ ከቀረ» አሉ። ከዚያ ሳቅ ብለው «ስለዚህ መማር ያለበት የማይሄደው ነው። የማልሄደው እኔ ነኝ» አሉኝ።

በአምሳ ስምንት ዓመታቸው ማለት ነው።

ሂሳቡን አብረን ቁጭ ብለን ሠራነው። ስልጠናው 4,500፣ ለአስር ቀን እኔ ቤት ስለሚያድሩ መኝታ የለም፣ ምግብና ትራንስፖርት ይጨመር። በሌላ በኩል 19,000 ብር ለጥገና፣ ስድስት ቀን ጎረቤት ፓምፕ ኪራይ፣ የጠወለገው የሽንኩርት መደብ። ወረቀት ላይ ሲታይ ክርክር የለውም። እኔ ግን ጠበቃ ሆኜ ተከራከርኩ። ሰልጥነው ቢሆንስ ሞተሩ አይነክስም ነበር? «ፊልትሮውን ቢያጥቡት አይነክስም ነበር አለ መካኒኩ ራሱ» አሉ። ለዚህ ስልጠና አያስፈልግም፣ መመሪያው ላይ አለ እኮ! «መመሪያው በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ነው፤ አንቺ አላነበብሽልኝ» አሉኝ። ዝም አልኩ።

መመሪያውን ያን ማታ አነበብኩት። እንደነዚህ ያሉ ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች የመጀመሪያው ዘይት ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ ይቀየራል፤ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ። የአየር ፊልትሮ በየ50 ሰዓቱ ይጸዳል፣ አቧራ ባለበት ቦታ ከዚያም ቶሎ። ልብ በሉ፣ 100 ሰዓት፤ ልክ እንደ ሄሊኮፕተሩ ፍተሻ። በበጋ የአጎቴ ፓምፕ በቀን ስምንት ሰዓት ይሠራል። ስለዚህ 100 ሰዓት ማለት ሁለት ሳምንት እንኳን አይሞላም። አጎቴ ዘይት የሚቀይሩት በመስኖ ወቅት አንዴ ነበር። የሮቢንሰንን 2,200 ሰዓት ለሳቸው ፓምፕ ብንሰጠው በዘጠኝ ወር ገደማ ይጨርሰዋል! ሞተሩ እስካሁን መሥራቱ ነው የሚገርመው።

የማያዋጣው ሰውም አለ፤ እሱንም ልናገር። ባህር ዳር የማውቀው አንድ ባጃጅ ያለው ልጅ አለ። ባጃጇን ለሹፌር ሰጥቶ በቀን ገቢ ይቀበላል። አጭር ስልጠና ወሰደ፣ ደስ አለው፣ ሦስት ሺህ ብር የሚያወጣ ሙሉ የቁልፍ ስብስብ ገዛ፣ ከዚያ የማርሽ ቤቱን ራሱ ፈታ። ገጠመው፤ አራት ትርፍ ዕቃ እጁ ላይ ቀረ። ባጃጇ ለሦስት ሳምንት ቆመች። የአሜሪካው ሕግ ባለቤቱን «እዚህ ድረስ ብቻ» ብሎ መስመር ያሰመረበት ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ለመጠየቅ የሚበቃ ዕውቀትና ለመፍታት የሚበቃ ዕውቀት በጣም የተራራቁ ናቸው፤ የመጀመሪያው በአስር ቀን ይገኝ ይሆናል፣ ሁለተኛው ዓመታት ነው። ፓምፕ ተከራይቶ በዓመት አንድ ወር ለሚሠራ ሰውም 4,500 ብር ዘበት ነው፤ እሱ ጥሩ መካኒክ ፈልጎ በክብር ቢይዝ ይሻለዋል።

አጎቴ ገቡ። በአስሩ ቀን ማታ ማታ እኔ ቤት ደብተራቸውን ዘርግተው ያጠኑ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ከሳቸው የሚቀጥለው በዕድሜ የሚተልቅ ሰው ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው አሉኝ። በሰባተኛው ቀን ይሁን በስምንተኛው፣ መምህሩ ኩሽኔታ በጣት ሳይሆን እንዴት ግራ ቀኝ እየተወዘወዘ፣ ድምፁ እየተሰማ እንደሚፈተሽ አሳያቸው። ያን ማታ ሲመጡ ያንን የድሮ ኩሽኔታ ከኪሳቸው አወጡት። ለካ ይዘውት መጥተዋል! ጆሯቸው ስር አድርገው አዞሩት፣ ወዘወዙት፣ ለኔም ሰጡኝ። ትንሽ የአሸዋ ድምፅ አለው።

«አልቋል» አሉ። «ሰውየው እውነቱን ነው።»

ይህን ያህል ወር በሆዴ ሳማው ኖሬ! አጎቴ ግን ደስ ብሏቸው ነበር። አንበሳሜ ሲመለሱ መጀመሪያ የሄዱት መካኒኩ ጋ ነው፤ ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም።

አሁን የፓምፑ ዳስ ውስጥ አንድ ደብተር በሲባጎ ተንጠልጥሏል። ሞተሩ ሰዓት ቆጣሪ ስለሌለው የሚቆጥሩት በቤንዚን ነው፤ ስንት ሊትር በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ አንዴ ለክተው ይዘውታል። ልጁ ለዩኒቨርሲቲው ፈተና እያነበበ ነው፤ ደብተሩን የሚሞላው ግን እሱ ነው፣ ቀን፣ ሊትር፣ ዘይት፣ ፊልትሮ። ትናንት አጎቴ ደወሉልኝና ፊልትሮ ገዝቼ በሚኒባስ እንድልክላቸው አዘዙኝ።

«ካርቶኑን እንዳትጥይው» አሉኝ፣ «አይቼው ነው የምቀበል።»